ዝም ያልኩበት ቀን

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራችሁን ትታችሁ ለአንዲት የጽዳት ሠራተኛ እንዲህ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ኬክ እንዳለ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ምሳ አልበላም ነበር።

እኔ ወርቅዬ የጨቅላ ሕፃናቱን ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ወልውያለሁ። ከነገ ጀምሮ ጡረታ ወጥቼ አስኮ ቤቴ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ ነው? የበረኪናው ሽታ እንኳ ሊናፍቀኝ ነው። ሕፃናቱ ሲያለቅሱ መወልወያዬን እንደያዝኩ "እሺ፣ እሺ" እላቸው ነበር። አሁን ማንን እሺ ልበል?

"ወርቅዬ ነገረኛ ናት" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። "ዶክተር፣ እጅዎን" እያልኩ በር ላይ ስንቱን አስቁሜያለሁ። አንዱ "አንቺ ደግሞ ሕክምና መቼ ተማርሽ?" አሉኝ። "እርስዎ ሲታጠቡ እያየሁ፤ ዛሬ ግን ረሱት" አልኳቸው።

ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ አንድ ሐኪም የመገለ ቁስል ነክተው፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ሕፃናቱ ሲገቡ አየሁ። እኔ ማን ነኝና ልናገር? አፈርኩና ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ማኑሄ የምትባል የኮልፌ እናት ልጅ ትኩሳት ያዘው። መድኃኒት ሰጡት፣ አልበርድ አለ። ቀየሩለት፣ ያም አልሠራም። "ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶታል" አሉ። ልጁ ሞተ። በዚያ ባልታጠበ እጅ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ አላውቅም። ማኑሄ ስትወጣ አቅፋኝ "ክፍሉን ስታጸጂለት ነበር፣ ተባረኪ" አለችኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያመኛል።

ክፍሉ ይናፍቀኛል። ከናፍቆቱ የባሰብኝ ግን ስጋቱ ነው። እኔ ስወጣ ማን ይናገራል? የምትተካኝ መሲ እንደሆነች ሰው ቀና ብላ አታይም።

ትናንት ኮሪደሩን ስወለውል ሰማኋት። ኃላፊያችንን ዶክተር ጉልላትን በር ላይ አስቁማ "ዶክተር፣ እጅዎን አልታጠቡም" አለቻቸው። እሳቸው ዞረው ታጠቡ። ዶክተር፣ እድሜ ይስጥዎ። እኔ ባልዲዬን ይዤ መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ።

በሉ ልጆቼ፣ የነካችሁት ሁሉ ይዳን። እዚህ የወለደች እናት ሁሉ ልጇን አቅፋ ትውጣ። መሲዬ፣ ይሉኝታ አፍሽን አይያዝብኝ።