መምህር ቅጣው በዕውቀቱና የጦርነቱ ደብተር

ከመሐል ሜዳም፣ ከጓሳ ማዶም ስለ መምህር ቅጣው ብላችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ እግዚአብሔር እግራችሁን ይባርክ።

መምህር ቅጣው ከአባታቸው ከአቶ በዕውቀቱ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አደይ ኪዳነ ወልድ በ1946 ዓ.ም. በጓሳ አፋፍ ተወለዱ። ፊደል ከየኔታ ዘንድ ቆጥረው፣ በመሐል ሜዳና በደብረ ብርሃን ተምረው፣ ጂኦግራፊ በማስተማር ሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግለዋል። በ1972 ዓ.ም. ወይዘሮ ወለተኪዳንን በቅዱስ ቁርባን አግብተው እየሩስንና ሽመክትን አፍርተዋል። ካርታ ሳይዙ ሰርግ ቤት እንኳ አይገቡም እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ በዓመቱ ልጃቸው ሽመክት ሲዘምት፣ መምህር የጡረታ ጊዜያቸውን ለሬዲዮና ለደብተር ሰጡ። የትኛው ግንባር እንደ ተገፋ፣ የትኛው ከተማ እንደ ተያዘና እንደ ተለቀቀ፣ ስለ ድርድር ማን ምን እንዳለ በየቀኑ ጽፈው፣ ከኪዳን ጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለዘማች ቤተሰቦች ያነቡ ነበር። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ባይ ስለ ነበሩ፣ ሁለት ጣቢያ ያላረጋገጠውን አያነቡም፤ ቸኩሎ እልል ያለውንም፣ ቸኩሎ ያለቀሰውንም ይቆጡ ነበር። ከገጹ ግርጌ ግን ለራሳቸው “ከሽመክት ወሬ የለም” ብለው ይጽፉ ነበር። ውጊያው እኛው አገር መንዝ ደርሶ ሕዝቡ ሲሸሽ እንኳ ደብተሩን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጥተዋል።

በ2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነቱ በተሰማ በሳምንቱ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች የሽመክትን መርዶ ይዘው መጡ፤ ከእነዚያም አንዱ ይህን የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ይሥሐቅ ነበር። መምህር “ሬሳውን ማን አየ?” ብለው ጠየቁ። የሰማ እንጂ ያየ አልነበረም። ቁርስ አብልተው “ሁለተኛ ጣቢያ ሲያረጋግጥ ተመለሱ” ብለው ሸኙን። ወይዘሮ ወለተኪዳንም ጥቁር አልለበሱም። ጎረቤት አእምሯቸው ተነካ አለ፤ ወንድማቸውም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፣ ይህንኑ ብሎ ነበር።

ባለፈው ዓመት በልብ ሕመም ተይዘው እጃቸው ብዕር መያዝ ሲያቅተው፣ እየሩስ እሳቸው የሚሉትን በደብተሩ ላይ ትጽፍላቸው ነበር። ያቺ የግርጌ መስመር እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አልቀረችም። ትናንት ጠዋት በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከማረፋቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ አዘዙ፤ የቀሪ ቤተሰብ ስም ሲነበብ ሽመክት እንዳይዘለል። ወንድማቸው ይህን ትእዛዝ የሚፈጽመው ያኔ በተናገረው እያፈረ ነው።

ከመምህር ቅጣው በዕውቀቱ በኋላ በሕይወት የቀሩ ቤተሰቦች፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተኪዳን፣ ልጃቸው እየሩስ፣ የልጅ ልጃቸው መሲ፣ ወንድማቸው ይሥሐቅ፣ እንዲሁም ልጃቸው ሽመክት ቅጣው ናቸው። የአብርሃም አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ሽመክትንም ባለበት ይጠብቅልን። አሜን።