«ተዉት» የተባለው የጓሮ መስኮት

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሥራ ቦታ «ዝናቡ» የሚባል (ሙሉ ስሙ ለደኅንነቱ ሲባል በተለየ መዝገብ የተያዘ)
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የሕንፃ መስኮት አጣቢ
አድራሻ፦ ከገበያው በስተጀርባ፣ በሚስቱ እናት ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

እኔ ምስክሩ በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን አስረዳለሁ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከባለቤቴ ወንድም ጋር ባለ ሦስት ፎቁን ሕንፃ ለማጠብ ደረስን። የምንሠራው መሬት ላይ ቆመን ነው፤ የተጣራ ውሃ በረጅም ዘንግ ውስጥ አልፎ ጫፉ ላይ ካለው ብሩሽ ይፈስሳል፤ ሳይወለወልም ነጠብጣብ ሳይተው ይደርቃል። የሕንፃው ጥበቃ ግን በጓሮ በኩል ያለውን የላይኛውን መስኮት «እሱን ተዉት፣ የሕንፃው ባለቤት ዕቃ ቤት ነው» አለን።

የፊት ለፊቱን በለስላሳው ብሩሽ ጨርሰን ወደ ጓሮ ዞርን። ያ መስኮት በአቧራና በወፍ ኩስ ተለብጧል። እሱን ትቼ የታችኞቹን ባጥብ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ቆሻሻው ወርዶ ልፋታችንን ውሃ ይበላዋል ብዬ ሰጋሁ። የባለቤቴ ወንድም «አንተ ደግሞ ነገር ትፈልጋለህ!» አለኝ። ለስላሳው ብሩሽ እየተንሸራተተ ኩሱ አልፋቅ ስላለ ጠንካራውን ገጠምኩ። ክብደቱ ክንድ ያዝላል፣ ኩስ ግን ይፍቃል። ፈትጌ ሳለቀልቀው ከመስታወቱ ወዲያ የሰው መዳፍ አየሁ።

ነጸብራቅ መስሎኝ ብሩሹን ወደ ግራ ወሰድኩ፤ መዳፉ ተከተለው። ወደ ቀኝ ስመልሰውም ተከተለው። የባለቤቴ ወንድም «የሰው ቤት ጉዳይ ነው፣ ልጆች አሉህ፣ እንሂድ» ብሎ ለመነኝ። መቆምም መቀመጥም አቃተኝ፤ ውሃውን እንኳ ሳልዘጋ በጓሮ ደረጃ ወጣሁ። በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል። «ማን አለ?» ስል፣ አንዲት ሴት «ቀስ በል ልጄ፣ ጥበቃው ይሰማል» አሉኝ። የሕንፃው ባለቤት ታላቅ እህት መሆናቸውን፣ ከእናታቸው የወረሱትን የቤቱን ድርሻ ካልፈረሙለት ወንድማቸው እንደማይከፍትላቸው በበሩ ስንጥቅ ነገሩኝ።

ወርጄ ለፖሊስ ደወልኩ። ጥበቃው እንዳይጠረጥር የጠራውን መስታወት ደግሜ ደጋግሜ ፈተግሁ፤ መዳፉም ወደ መስታወቱ ተመልሶ ከዚያ አልተነሳም። ጥበቃው ብቅ ብሎ «ተው አላልኩህም?» ሲለኝ ዘንጉን ዝቅ አደረግሁ። እንሂድ ሲለኝ የነበረው የባለቤቴ ወንድም «ይቅርታ ጋሼ፣ ዘንጉ ስቶት ነው፤ ይልቅ ቧንቧው የት ነው?» እያለ ወደ ፊት ለፊት ወሰደው፤ እስከ መጨረሻውም በወሬ ያዘው።

ፖሊሶች ደርሰው ጓጉንቸሩን ሰበሩት። ሴትየዋ ግድግዳ እየያዙ በእግራቸው ወረዱ። እጄን ሲጨብጡኝ በሌላው እጄ ዘንጉን ገና እንደያዝኩ ነበር። «ምነው ልጄ፣ እኔ እኮ ወጥቻለሁ» አሉኝ። ያኔ ዘንጉን አስቀምጬ ውሃውን ዘጋሁ።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቻለሁ፤ ያላየሁትን አልጨመርኩም፣ ያየሁትንም አልደበቅኩም። ተነቦልኝ የራሴ ቃል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________