የአባ መብረቅ ቀብር

(በሟቹ ተዋናይ ደምሰው ቤት፣ በሳልስቱ ከሰዓት፣ ለቀስተኛው ወጥቶ ሲያበቃ፤ የሟቹ ታላቅ ወንድም ጋሽ ዘውዴ እንደቆሙ፣ የሟቹ ሚስት እታገኝ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች።)

ጋሽ ዘውዴ፦ አርባው ላይ ፊልም የሚባል ነገር አልሰማም አልኩ። ያውም ያ የድሮ ዘመን የጋሻና የጦር ቀልድ።

እታገኝ፦ አገር የሚያውቀው በእሱ ነዋ፣ ጋሼ።

ጋሽ ዘውዴ፦ አገር አሁን የሚያወራው ስለ አንቺ ነው። የባሏ አስከሬን ፊቷ ተቀምጦ ስለሳቀችው ሴት። ነገ ዘመድ ሲሰበሰብ ቀርበሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።

እታገኝ፦ እጠይቃለሁ።

ጋሽ ዘውዴ፦ ክርክር የለም?

እታገኝ፦ በምን አፌ? ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ብወትፍም አልቆም አለኝ። ካህናቱ አዩኝ፣ እናታችሁ አዩኝ። ከእሳቸው ዓይን የት ልግባ?

ጋሽ ዘውዴ፦ «ልጄን ስትጠላው ኖራ ነው» እያለች ነው።

እታገኝ፦ ይበሉ። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው።

ጋሽ ዘውዴ፦ እኮ ምን ነካሽ? የሕይወት ታሪኩ እየተነበበ፣ ሰው ደረቱን እየደቃ?

እታገኝ፦ ጋሼ፣ ፊልሙን አይተውታል?

ጋሽ ዘውዴ፦ ወንድሜ ወንፊት ጋሻ አድርጎ ሲዘል ልይ? አላየሁትም።

እታገኝ፦ ፊልሙ ላይ ፈሪ ነው፤ ግን እንደ ጀግኖቹ የፈረስ ስም አማረው። ፈረስ ሳይኖረው «አባ መብረቅ በሉኝ» አለ። ጠላት ሲከበው ሞትኩ ብሎ ቃሬዛ ላይ ተጋደመ። አልቃሽ መጣች፣ ጠላት ሳይቀር ጋሻውን ዘቅዝቆ አለቀሰለት።

ጋሽ ዘውዴ፦ እሺ፣ ከዚያስ?

እታገኝ፦ አልቃሿ ስሙን ሳተችው። «አባ መብራት፣ አባ መብራት» እያለች ታወርደዋለች።

ጋሽ ዘውዴ፦ አባ ማን?

እታገኝ፦ አባ መብራት። ቢታገስ ቢታገስ አልሆነለትም፤ ከቃሬዛው ብድግ ብሎ «መብረቅ ነው እንጂ፣ እሜቴ» አላት። ከዚያ ወዲያማ ሩጫ ነው።

ጋሽ ዘውዴ፦ ያን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እታገኝ፦ አውቃለሁ።

ጋሽ ዘውዴ፦ «አባ መብራት ሆኖ በሠራው ፊልም» ብዬ ነው የጻፍኩት። በጆሮ የሰማሁትን።

እታገኝ፦ አውቃለሁ አልኩዎት እኮ።

ጋሽ ዘውዴ፦ እያወቅሽ ነው ይህን ሁሉ ሐሜት የተሸከምሽው?

እታገኝ፦ ምን ልበል? በስህተቱ አልሳቅኩም። አሁን ይነሳል፣ አሁን ሳጥኑን ከፍቶ ያርማቸዋል ብዬ ነው። ጠበቅኩት፣ ጋሼ። አልተነሳም።

ጋሽ ዘውዴ፦ አንድ ቀን እንኳ መጥተህ እየኝ እያለኝ ነው የኖረው። ሥራ አለኝ እያልኩ።

እታገኝ፦ ተዉት፣ አሁን ምን ያደርጋል። ነገ ይቅርታዬን ጠይቄ እገላገላለሁ።

ጋሽ ዘውዴ፦ አርባው ላይ ፊልሙ ይታያል። ነገ ደግሞ አንቺ ለይቅርታ አትቀርቢም፤ እናቴ እግር ላይ የምወድቀው እኔ ነኝ።