የምህረት ኮድ

ደብረ ታቦር መናኸሪያ፣ የአንበሳሜው ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጠናል። ከኋላዬ ሁለት ኮምፒውተር የተማሩ ሴቶች ስለ አንዲት ጓደኛቸው ያወራሉ።

«የምህረትን ኮድ አየሽው?»

«አየሁት። ምን አዲስ ነገር አለው? የኔትወርክ ካርዱን የሚያሠራው ድራይቨር ውስጥ አራት ቦታ የተደጋገመውን አንድ ቦታ ሰበሰበችው፣ የማይጠቅመውን አጠፋችው። ማጥፋትም ሙያ ሆነ?»

«ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ሊኑክስ ውስጥ ሊገባላት ነው አሉ።»

«መጀመሪያ ካርዱ ያለው ሰው ሞክሮ ‹ይሠራል› ብሎ መጻፍ አለበት።»

«ካርዱ ማን ጋ አለ?»

«እኔ ጋ። አሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ።»

«ሞከርሽላት?»

«ሞከርኩት።»

«እህስ?»

«ከድሮው በጣም ይሻላል። ውይ፣ ሲያናድድ! ያንን ዝርክርክ ኮድ እኮ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ነገ አጸዳዋለሁ ስል ቀደመችኝ።»

«ታዲያ ጻፊላታ!»

«መብራት የለም ብያታለሁ።»

«ሳምንቱን ሙሉ?»

ስልክ ጠራ።

«እሷ ናት።»

«አንሺዋ!»

«ሄሎ፣ ምህረትዬ፣ የኔ ቆንጆ! ኧረ የምን መብራት፣ ከተማው ሁሉ እንደጠፋበት ነው!»

ከመናኸሪያው አጥር ማዶ በመብራት የሚሠራው ወፍጮ እያጓራ ነበርና፣ ቀስ ብዬ መስኮቴን ዘጋሁት።