ገና ያልጻፉትን መጽሐፍ የሰሙት መምህር አስናቀ

ከደብረ ታቦርም ከይፋግም፣ ከየገጠሩም ተጠራርታችሁ ኀዘናችንን ለመካፈል በዚህ ቅጥር የቆማችሁ ወገኖቻችን፣ ዛሬ አፈር የምናለብሳቸው የመምህር አስናቀ ሙላቴ ታሪክ ይህ ነውና በትዕግሥት አድምጡን።

መምህር አስናቀ ከአባታቸው ከቄስ ሙላቴ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈንታነሽ በላይ በ1950 ዓ.ም. በጣራ ገዳም አቅራቢያ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ወደ ደብረ ታቦር መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ሲጀምሩ፣ ከአንድ ጨው ነጋዴ እጅ ፊቱም ጀርባውም ተገንጥሎ የቀረ ልብ ወለድ አግኝተው ነበርና፣ እርሱን እየደጋገሙ ከማንበባቸው የተነሣ፣ ከደራሲዎች ሁሉ ማንን አብልጠው እንደሚወዱ ሲጠየቁ፣ "ስሙን የማላውቀውን" ብለው ይመልሱ ነበር። በመምህርነት ሠልጥነው በዚሁ ከተማ አማርኛ ሲያስተምሩ፣ በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ይሻው ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሀብታሙንና ትዝታን ወለዱ።

ከልብ ወዳጃቸው፣ በቀን ጨርቅ ሲሸጡ ውለው ማታ ግጥም ከሚጽፉት ከአቶ ነስሩ ሙሄ ጋር ሆነው የከተማውን ጸሐፍት የሚያሰባስብ ማኅበር የመሠረቱትም ያን ጊዜ ነው። በዚያ ማኅበር ውስጥ እያንዳንዱ ሰው አብልጦ የሚወደውን መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፤ ለምን እንደሚወደው ይናገራል፤ የራስን ድርሰት ማወደስ ግን ነውር ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ክረምት፣ ጉም ከተማውን ውጦት ጎረቤት ከጎረቤት በማይተያይበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቁር የለበሰች፣ ዕድሜዋ ሠላሳ የሚጠጋ አንዲት እንግዳ ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። ተራው ሲደርሳት ተነሥታ፣ "ገነት አያሌው እባላለሁ፤ የመጣሁት ከይፋግ ነው። እኔ አብልጬ የምወደው የመምህር አስናቀ ሙላቴን መጽሐፍ ነው። ወንድሜ ባዩ የሞተ ጊዜ እህል አልቀምስም፣ ከሰው አልነጋገርም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር፤ ያ መጽሐፍ ነው ከተኛሁበት ያስነሣኝ" አለች። መምህር አስናቀ እስከዚያ ቀን አንድም መጽሐፍ አልጻፉም ነበርና ቤቱ በሣቅ ተሞላ። እርሷ ግን አልሣቀችም፤ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ልትታጠብ ወርዳ ራሷ ሳትመለስ፣ ድምፅዋ ብቻ ቤት ገብቶ ልጆቿን በየስማቸው ስለሚጠራ ሴት የሚተርከውን ድርሰት የመጀመሪያ ገጽ፣ በአንድ ቃል እንኳ ሳትደናቀፍ በቃሏ ወረደችው። ሣቁም ቀስ በቀስ ጠፋ። ቀጥላም መምህር አስናቀን እንደምታውቃቸው ሰው እንባ ባቀረረ ዓይን እያየች፣ "ሰው ሚስታቸውን ቀብረው ነው የጻፉት ይላል" ስትል፣ መምህር አስናቀ ደንግጠው የቀረውን ሳይሰሙ ወደ ቤታቸው ሮጡ። ወይዘሮ ጥሩወርቅን በደኅና ቢያገኟቸውም፣ ለምን እንደሮጡ ሳይነግሯቸው ቀሩ። አቶ ነስሩ እንደሚሉት፣ እንግዳዪቱ ንግግሯን ቀጥላ ነበር፤ ነገር ግን በቆርቆሮው ላይ የወረደው ዝናብ ድምፅዋን አፈነው፤ ዝናቡም ሲያባራ ወንበሯ ባዶ ነበር።

አቶ ነስሩ ለንግድ ይፋግ በወረዱ ጊዜ ነገሩን ለማጣራት ጠይቀው የአያሌውን ቤት አገኙ። ገነት የምትባል ልጅ በእርግጥ ነበረች፤ ነገር ግን የወተት ጥርሷን ያልጣለች ሕፃን ነበረች። ወንድሟ ባዩም በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እንቅልፉን ይተኛ ነበር። አቶ ነስሩ ተመልሰው ያዩትን ቢነግሯቸው፣ መምህር አስናቀ፣ "እንግዲያውስ ካልጻፍኩት ጥሩወርቅ አትሞትም" ብለው መለሱ።

ከዚያ ወዲህ የፈተና ጥያቄ ካልሆነ በቀር ምንም አልጻፉም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባለቤታቸው ድርሰት የተዉበትን ምክንያት ሳያውቁ፣ ልባቸው ለምን እንደ ቀዘቀዘ እየተከዙ ልጆች አሳደጉ፤ መምህርም ሚስታቸው ባሳሉ ቁጥር ከመቀመጫቸው እየተነሡ ብዙ ዓመታትን አሳለፉ።

በ2011 ዓ.ም. አቶ ነስሩ ከይፋግ መርዶ ይዘው መጡ። ባዩ በአውራ ጎዳናው ላይ መኪና ገጭቶት ሞቷል፤ እኅቱ ገነትም እህል አልቀምስም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። መምህር አስናቀ ያን ዕለት ልጅቱን ከተኛችበት የሚያስነሣው መጽሐፍ እንደሌለ፣ የሌለውም በእርሳቸው ዝምታ እንደሆነ ተረድተው፣ ከወዳጃቸው ፊት አልቅሰው የደበቁትን ሁሉ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ተናገሩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም አድምጠው ሲያበቁ፣ "አንቱ ሰውዬ፣ ልጅቱ ያለችው 'ሰው ይላል' ነው እንጂ 'ሞተች' አላለችም። ሰው ስለ ደራሲ የማይለው ምን አለ? ይልቅ የሰው ልጅ በረኃብ ሳታልቅ ተቀመጡና ይጻፉ፤ የምሞት ከሆነም እያየሁዎት ልሙት" አሏቸው።

እርሳቸውም ጻፉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከአጠገባቸው ሳይለዩ "ይኸማ አይመስልም" እያሉ እያቋረጧቸው፣ መምህርም በየመስመሩ መጨረሻ ቀና ብለው ባለቤታቸው በሕይወት መኖራቸውን እያረጋገጡ ጻፉ። አቶ ነስሩ የመጀመሪያውን ገጽ ተቀብለው አነበቡ፤ በዚያ ክረምት ከእንግዳዪቱ አፍ የሰሙት ነበር፤ ቃሉም አልተለወጠም። መምህር አስናቀ ግን ያን ቀን የሰሙት ነገር ከድንጋጤያቸው ጋር እንደጠፋባቸውና ለማስታወስም እንዳልሞከሩ ምለው ተናግረዋል።

ድርሰቱን ይዘው ይፋግ ወርደው ጎጆዋ ሲገቡ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችውን ልጅ ዘመዶቿ አገላብጠው አሳዩአቸው። ከኋላ ወንበር የተነሣችው ያቺው ሴት ነበረች፤ እርሷ ግን አላወቀቻቸውም። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አነበቡላት። መጀመሪያ ውኃ ጠየቀች፤ ቀጥሎም ሾርባ ቀመሰች፤ ታሪኩ ሲያልቅ ደግሞ ተነሥታ ተቀምጣ፣ "መምህር፣ ስለዚህ መጽሐፍ ለሰው የምናገርበት ቦታ ይኖር ይሆን?" ብላ ጠየቀቻቸው። መምህር አስናቀ ግንባሯን ስመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

መጽሐፉ ታትሞ በወጣ በዓመቱ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ገበያ ወጥተው በርበሬ ሲመርጡ፣ ሁለት ሴቶች "ደራሲው ሚስቱን ቀብሮ ነው የጻፈው" ሲባባሉ በጆሯቸው ሰምተው፣ "ቆሜ እያየሁ ቀበሩኝ!" እያሉ እየሣቁ ገቡ። መምህር አስናቀ ግን አልሣቁም፤ የሚስታቸውን እጅ ይዘው እስኪመሽ ድረስ አለቀቁም።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሳለች፣ "ጥሩወርቅ፣ ድምፅሽን አሰሚኝ" አሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ገብሱ አጨዳ፣ ስለ ጎረቤት እያወሩላቸው ሳለ፣ መምህር በሰላም ዐረፉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን የባለቤታቸውን ማረፍ ሳያውቁ ወሬያቸውን ጥቂት ቀጠሉ።

መምህር አስናቀ የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩወርቅን፣ ልጆቻቸውን ሀብታሙንና ትዝታን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወዳጃቸውን አቶ ነስሩንና "አባቴ" ስትላቸው የኖረችውን ገነት አያሌውን ትተውልን ሄደዋል። የነፍስ ሁሉ ጌታ ድካማቸውን ቆጥሮ ስማቸውን በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ያኑርልን፤ እኛንም ያጽናን። አሜን።