የግራው ደከም ይላል
ከጓደኛዬ ከሙክታር ጋር ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብተን ኢርፎን እናማርጣለን። እሱ ጆሮ ላይ በደንብ መቀመጡን ያያል፣ እኔ የድምፁን ጥራት። የመጀመሪያውን ሰክቼ ሰማሁና "የግራው ደከም ይላል" ብዬ መለስኩት። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያው ሆነብኝ። "አቦ፣ ሁሉም ፎርጅድ ነው!" ብዬ ባለሱቁ ላይ ጮህኩ።

ሙክታር የግራውን ነቅሎ ቀኝ ጆሮዬ ላይ፣ የቀኙን ግራ ጆሮዬ ላይ ሰካልኝ። አልመች ቢለኝም ሰማሁት። አሁንም የደከመው በግራ በኩል ነው። ለካ ዕቃው ምንም አልሆነም።

"ጆሮዬ ነው እንዴ?" አልኩት።

"ወላሂ፣ እኔ ካወቅኩ ቆየሁ" አለኝ በቀኜ ጠጋ ብሎ። "መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ በዚህ በኩል የምሆነው ለምን ይመስልሃል?"