ከደረጃው ሥር የተጠራቀሙ ጠርሙሶች

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በምንኖርበት ፎቅ ደረጃ ሥር አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ከዕቃ ማስቀመጫው ጠርሙስና ቆርቆሮ ሲጎትቱ አገኘኋቸው። ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ሲቀቡ ስለኖሩ ሠፈሩ ጋሽ ቡሩሽ ይላቸዋል። እጃቸው የነካው ግድግዳ ያምራል፤ እጃቸው የገባውን ዕቃ ግን መጣል አይሆንላቸውም። አጠገባቸው ባለው ሳፋ ውስጥ የደረቀ ቀለም፣ ቀለም የሚያቀጥኑበት አኳራጅ፣ የትኋን መርዝ፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የተቃጠለ ረጅም አምፖል ተከምሯል። ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ቡሩሽ? የምን ዘመቻ ነው?» አልኳቸው።

«ተመስገን ነው መምህር። ልጄ ጨቅላዋን ታቅፋ እኛ ዘንድ ልትከርም ነው። የሕፃን አልጋ ላስገባ ብል ኮተቱ መፈናፈኛ አሳጣኝ። ፈሳሹን ፍሳሽ ውስጥ ደፍቼ፣ የቀረውን ግቢው ጥግ አቃጥዬ ልገላገል።»

ይህን ሲሉ የወንድማቸው ልጅ ልትጠይቃቸው ከበር ገባች። በሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራ፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ሳፋውን ስታይ ግን ሰላምታዋን ሳትጨርስ ጎንበስ አለች። ከጠርሙሶቹ መካከል አንዱን በጣቷ ጠቆመች።

«አባባ፣ ይህ የለስላሳ ጠርሙስ ምን ይዟል?»

«አሲድ ነው። የራሱ ዕቃ ሲያፈስስ ገለበጥኩት።»

«የተጠማ ሰው ቢያነሳውስ?»

«ማን ከደረጃ ሥር ውሃ ይፈልጋል? ልጄ፣ ጥርሴን የነቀልኩበት ሥራ ነው። እስከ ዛሬ ምን ሆንኩ?»

«እስከ ዛሬ ምንም አለመሆንዎ ለነገ ዋስ አይሆንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለም?»

«እሱስ ይባላል። ግን ውሃ ሁሉንም ጠርጎ ይወስደዋል።»

«ወዴት ነው የሚወስደው? ወደ ወንዙ ነው። በወንዙ ውሃ አትክልት ይለማል፣ አትክልቱን እኛ እንበላለን። ቢያቃጥሉትም ጭሱ በመስኮታችን ይመለሳል፤ የታሸገው ጣሳም እሳት ሲነካው ይፈነዳል። እኔ ከሁሉም የምፈራው ግን መቀላቀሉን ነው። አሲድና በረኪና ሲገናኙ መርዛም አየር ያወጣሉ፤ ሳንባ ያቃጥላል፣ ይገድላልም።»

ጋሽ ቡሩሽ ሳቁ። «እናንተ የተማራችሁ መቼም ከጥላችሁ ጋር ነው የምትጣሉት!»

«እባክዎ አባባ፣ ካርቶን ፈልጌ እስክመጣ ምንም አይንኩ።»

«እሺ፣ እሺ።»

በእኛ ዘንድ እሺ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ መቀበያ፣ አንዱ ማሰናበቻ። የሳቸው ሁለተኛው እንደነበረ ያወቅነው ቆይተን ነው።

ቤቴ ገብቼ ጥቂት እንዳረፍኩ ከጋሽ ቡሩሽ ቤት ሳል ሰማሁ። የጉንፋን ሳል አልነበረም፤ ሰው ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ አየር ሲያጣ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። ሮጬ ስገባ ጋሽ ቡሩሽ ባዶ ጠርሙስ እንደጨበጡ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ይጣደፋሉ። በሩ ዝግ ነው። አሲዱን ፍሳሹ ላይ ደፍተው ሌላ ሊያመጡ ወጥተው ነበር። ባለቤታቸው ደግሞ ሽታው ቢያስቸግራቸው የልብስ በረኪናቸውን ይዘው ገቡና፣ ያጸዱ መስሏቸው ላዩ ላይ ቸለሱበት።

«ልግባ! ልቀቀኝ መምህር፣ ሚስቴ ናት!»

ወገባቸውን ይዤ ስታገል ልጅቱ ካርቶን ይዛ ደረሰች። የውጭውን በርና መስኮቱን ሁሉ በረገደችው። «እንዳይገቡ! እርስዎንም እዚያው ነው የሚጥልዎ! እማማ፣ ድምፄን ይከተሉ! በዚህ በኩል!»

ሳሉ ተቋረጠ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ዳግመኛ አያሰማኝ። ወዲያው በሩ ከሥር ተገፋና አንድ እጅ ወለሉ ላይ ታየ። እጁን ይዘን ጎትተን ወደ ግቢው አወጣናቸው። ዓይናቸው ደም መስሏል፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም።

ሆስፒታል ስናደርሳቸው አፋቸው ላይ ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሐኪሙ እንደሚተርፉ ነገረንና «ጥቂት ቢቆዩ ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ሄደ።

ጋሽ ቡሩሽ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ኩርምት ብለዋል። «ጨቅላዋ ብትሆን ኖሮስ?» አሉ። ከዚያም ወደ ልጅቱ ዞሩ፤ «እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ልጅቱ «አላልኩዎትም ነበር?» አላለችም፤ ስለዚህም አከበርኳት። «እያንዳንዱ በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ሳይላጥ ይቀመጥ፤ ከእሳትና ከሕፃን እጅ ይራቅ። አንዱን ወደ ሌላው አይገልብጡ። ያልደረቀ ቀለም ቤቱን ለሚቀባ ሰው ይሰጣል። የባትሪ ድንጋዩ ለብቻ፣ አምፖሉም ሳይሰበር ለብቻ ይሁን። ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚረከብበት ስፍራ ነው የምንወስደው።»

«እነሱስ ወስደው ገደል ቢደፉትስ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አብረን ሄደን እንይ።»

ሄድን። ተረካቢዎቹ ወፍራም ጓንት አጥልቀው፣ መነጽርና ጭንብል አድርገው እያንዳንዱን በየዓይነቱ ሲለዩ ጋሽ ቡሩሽ ፈዘው አዩ። ከዚያም ባዶ እጃቸውን አገላብጠው ተመለከቱ። «እነዚህ በየቀኑ የሚሠሩት እንዲህ ከፈሩ፣ እኔ ምኔን ተማምኜ ነው?» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ልብ በል። ዛሬ ያ የዕቃ ማስቀመጫ ንጹሕ ነው፤ ቤቱ ራስ የሚያዞር ሽታ የለውም፤ ሕፃኗም በሰላም ትዳሃለች። በፎቃችን መግቢያ ላይ ያለቀ ባትሪ የሚጠራቀምበት ሣጥን ቆሟል፤ ሲሞላ ተራ የደረሰው ጎረቤት ያደርሰዋል። ጋሽ ቡሩሽማ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖባቸው፣ የእጅ ሳሙና እንኳ ጽሑፉ ሳይነበብላቸው አይነኩም።

ፍርሃቱ ግን ገና አልወጣም። ባለፈው ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ጋሽ ቡሩሽ ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ በርጩማ ላይ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለቤታቸው በሩን ዘግተው መታጠብ አይችሉም፤ ብቻቸውንም አይሆንላቸውም።

ከውስጥ የሻከረ ድምፅ መጣ። «አለህ?»

«አለሁ።»

ውሃው ጥቂት ፈሰሰና ቆመ።

«አለህ?»

«አለሁ፤ የት እሄዳለሁ?» አሉ፤ ለኔም በእጃቸው ቁጭ በል አሉኝ።